ጆንያ፣ ካርቶንና የሎህ ቀለም



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ በሐዋሳ ፒያሳ በአንድ የእህልና የሸቀጥ ሱቅ በር ላይ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። የሱቁን ባለቤት ሐጂ እያልኩ ልጥራቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ከዐስር ሶላት ስመለስ አስቆሙኝና በባዶ ጆንያ ክምር ላይ አስቀምጠውኝ፦ «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ምን ነካው? ጆንያ ቀድዶ መልሶ ይሰፋል። ካርቶን ቦጫጭቆ ይለጥፋል። ከየመንገዱ ቆርኪ ይለቅማል። ምንድን ነው ስለው ሥዕል ነው ይለኛል። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፣ ምን እንደሆነ አይታወቅ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ሄጄ የሥዕል ትምህርት ቤት ልፈተን ብሎ ተነሥቷል። ሐራም ነው ልበለው ወይስ እብደት ነው ልበለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ ጥያቄው የቆየ ነውሬን ቀሰቀሰብኝ። ልጁ ተማሪዬ ነበር። ገና ጁዝእ ዐምማን ሲቀራ በካርቶን ላይ ቆርኪና የጆንያ ክር የለጠፈበትን አንድ ሰሌዳ በኩራት ይዞልኝ መጣ። እኔም «ቆሻሻ መድረሳ አይገባም» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ነጥቄ ከቆሻሻው ጉድጓድ ጣልኩበት። ልጁ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም ረሳሁት። እርሱ ግን እንዳልረሳው የገባኝ ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ነው።

ስለዚህ «ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ከአባትየው ተለየሁና ስለዚህ ምስል አልባ ሥዕል፣ ባለሙያዎች ረቂቅ ወይም አብስትራክት ስለሚሉት ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛልና ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ቀድሞ በአውሮፓ የሥዕል ክብር ከፊሉ በዕቃው ነበር። ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ለሚሠራ ሥዕል ወርቅና ከአፍጋኒስታን ተራሮች በሚመጣ ድንጋይ የሚዘጋጅ ሰማያዊ ቀለም ይፈለግ ነበር። አሠሪው ከሠዓሊው ጋር ሲዋዋልም የወርቁንና የሰማያዊውን ዓይነት በውሉ ላይ ያሰፍር ነበር። ሥዕል የባለጠጋ ዕቃ ነበር ማለት ነው። በ1912 ግን ፓሪስ ውስጥ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ፓብሎ ፒካሶ አንድ ነገር አደረገ። የሸንበቆ ወንበር ጥልፍልፍ የታተመበትን ርካሽ የጠረጴዛ ጨርቅ ቆርጦ ሸራው ላይ ለጠፈ፤ በወርቅ ቅብ ክፈፍ ፋንታም ዙሪያውን በገመድ አሠረው። በዚያው ዓመት ባልደረባው ጆርጅ ብራክ እንጨት የሚመስል የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ በሥዕሉ ላይ አጣበቀ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ሠዓሊ ገመድን «አስመስሎ» ይሥል ነበር፤ አሁን ገመዱ ራሱ መጣ። ገመዱ ራሱ ከመጣ ደግሞ ማስመሰል ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፋው ሩሲያዊው ቭላዲሚር ታትሊን ነው። ፓሪስ ሄዶ የፒካሶን ሥራ አይቶ ሲመለስ በ1914 ከቆርቆሮ፣ ከእንጨትና ከሽቦ የሠራቸውን ነገሮች አሳየ፤ በእነርሱ ውስጥ ግን የሰውም የዕቃም መልክ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በተሸነፈችውና በተራበችው ጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ፣ ኩርት ሽቪተርስ የሚባል ሰው የትራም ቲኬት፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ የተጣለ ሽቦና የእንጨት ስብርባሪ እየለቀመ ሥዕል መሥራት ያዘ። በ1919 ለዚህ ሥራው የሰጠው «ሜርዝ» የሚል ስም እንኳ ከአንድ ባንክ ማስታወቂያ ላይ ተቀድዶ የተረፈ ቁራጭ ፊደል ነው። አገሩ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ሠራ። ሐጂ ልጃቸውን «ከየመንገዱ ይለቅማል» ሲሉ ይህ ሰው ነው ትዝ ያለኝ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ምስል የሌለው ጥበብ በርግጥ በ1912 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ ወይ? ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ እናቶች መሶቡን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት። እናቴ ስንደዶና አክርማ ሰብስባ፣ ከፊሉን ቀለም ነክራ አለላ አድርጋ፣ በወስፌ እየወጋች ስትሰፋ ከጎኗ ተቀምጬ አድጌያለሁ። ስፌት ከመሐል ጀምሮ እየተጠማዘዘ የሚሄድ በመሆኑ ክቡ ግዴታ ነው። ቀለሙ የሚለወጠው በየዙሩ ስለሆነም ሰያፍ መሥመር ልሥራ ብትል እንኳ የደረጃ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። የሦስት ማዕዘኑ፣ የደረጃው፣ የኮከቡ ቅርጽ ማንም ያስተማራት አይደለም፤ ሣሩ ነው ያዘዛት። የሐረር እናቶች በግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሏቸው ስፌቶች እዚህ ጥበብ ላይ የደረሱት ከሜዳ ከሚነጨው ሣር ነው። ወርቅ አላስፈለጋቸውም። የበግዳድና የኢስፋሃን ግንበኞችም ከጭቃ ጡብ፣ የግራናዳዎቹም ከጄሶ ያንኑ ሠርተዋል። ጡብ አራት ማዕዘን ነው፤ እያዞሩ ሲደረድሩት ጌጡ ከራሱ ከጡቡ ይወጣል።

ይህን አውሮፓውያኑም ሳያዩት አልቀሩም። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ፖል ክሌ በሚያዝያ 1914 ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ወደ ቱኒዚያ ተጉዞ ቱኒስን፣ ሐማመትንና ቀይረዋንን ጎብኝቷል። የቀይረዋን ጉልላቶችና ግድግዳዎች በወረቀቱ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ተለወጡ። ክሌ በሕይወቱ ማብቂያም ታምሞ ሳለ በጆንያ ጨርቅ ላይ ጋዜጣ እየለጠፈ ይሥል ነበር፤ በ1938 ከሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎቹ አንዱ እንዲሁ ነው የተሠራው። የክሌን ስም ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እናገኘዋለን።

ስለ ጆንያ ካነሣን አልቤርቶ ቡሪን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምንም እንኳ ታሪኩን ሳነብ ደሜ ቢፈላም። ቡሪ በ1915 የተወለደ ጣልያናዊ ነው። በ1935 የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ሲወርር ትምህርቱን አቋርጦ በበጎ ፈቃደኝነት ዘምቶ መጥቷል። ያ ጦር በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያርከፈከፈ ጦር መሆኑን ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ አገሩ ተመልሶ ሐኪም ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ ሲያገለግል በ1943 ቱኒዚያ ውስጥ ተማርኮ ቴክሳስ፣ ሄርፎርድ ወደሚባል የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ። ሥዕል የጀመረው በዚያ ነው። ከተፈታ በኋላ ወደ ሕክምናው አልተመለሰም። ሮም ተቀምጦ ያረጁ የቃጫ ጆንያዎችን ቀድዶ፣ ጣፍ አድርጎ፣ በወፍራም ክር እየሰፋ ሸራ አደረጋቸው። ስፌቱ የቁስል ስፌት ይመስላል፤ በቀዳዳው ውስጥ ቀይ ቀለም ብቅ ይላል። በ1959 ከእነዚህ ጆንያዎች አንዱ በሮም የመንግሥት ሙዚየም ቢሰቀል ነገሩ እስከ አገሪቱ ፓርላማ ድረስ ጥያቄ አስነሥቷል።

ይህ ሰው በጆንያው ውስጥ እኛን አስቦ እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ ግን ጆንያ የሚናገረው ነገር እንዳለው ከእርሱ ሥራ ተረድቻለሁ። ጆንያ ሸክም ያውቃል። የተሸከመው እህል ማኅተም፣ የተጎተተበት ምድር አፈር፣ የአይጥ ቀዳዳ፣ የባለሱቁ ስፌት ሁሉ በላዩ ላይ አለ። ንጹሕ ሸራ ላይ እነዚህን ለመሣል የሚለፋ ሠዓሊ ጆንያው ራሱ ይዟቸው ሲመጣ ምን ይጨምራል? ከመምረጥ፣ ከመቁረጥና ከማስቀመጥ በቀር ብዙ የሚቀረው የለም። ረቂቅ ያልነው ሥዕል ከዚህ ወጣ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ።

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ እስከ 1966 ድረስ በዚያ ኖረ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ፖል ክሌ አጥብቀው ከሳቡት ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። በ1964 «የጁጁ ሠርግ» ብሎ የሰየመውን ሥዕል ሠራ። ይህ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው፤ ከአፍሪካ ሠዓሊዎች ሥራዎቻቸው በዚያ ቤት ቀድመው ከገቡት መካከል እስክንድር አንዱ ነው። በምን ላይ እንደተሠራ ታውቃላችሁ? በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ! ሙዚየሙ ራሱ በመዝገቡ ላይ እንዲህ ብሎ ነው የጻፈው። ካርቶን ሲቀደድ ጫፉ እንደ መቀስ ቀጥ አይልም፤ ይቦጫጨቃል፣ ከውስጡ ሌላ ቀለም ያለው ድርብ ያወጣል። ይህን ጫፍ በቡሩሽ ማስመሰል አይቻልም። ሐጂ «ካርቶን ቦጫጭቆ ይለጥፋል» ያሉኝን አስታውሱና ፍረዱ።

እስክንድር በዚህ አላበቃም። በ1966 አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ቆየ፤ በ1967ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። በዚያም ሳለ ሸራውን ትቶ በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ ይሠራ ነበር። የልጡ ጨርቅ የኡጋንዳ ሰዎች የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጡን ገፍፈው በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ጨርቅ የሚያሳሱት ነው። በ1981 የሠራው «የጊዜ ዑደት» የተባለው ሥራው በዚህ ልጥ ላይ ነው፤ ቅርጹ ከጨርቁ ጎላ ጎላ ብሎ እንዲወጣ አድርጎ ሠርቶታል። በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ ዐረፈ።

የፍየል ቆዳ ስል የሐረሩ ተወላጅ ገብረክርስቶስ ደስታ ይታወሰኛል። በ1932 ሲወለድ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በብራና ላይ የሚጽፉና የሚያስጌጡ ነበሩ። ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ ያየ ያውቀዋል፤ ቆዳው ተነክሮ፣ በእንጨት ክፈፍ ተወጥሮ፣ ስቡና ፀጉሩ ተፍቆ ለፊደል ይዘጋጃል። ልጅየው በዚህ ቤት አድጎ ኮሎኝ፣ ጀርመን፣ ተማረና በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ምስል አልባ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ብዙ ክርክር ተነሣ። «ይህ የፈረንጅ ነው» ያሉት ነበሩ። ከሐረር የመጣ ሰው፣ ያ ሁሉ ስፌት በየግድግዳው ተሰቅሎ ያደገ ሰው፣ ክብና መሥመር ከፈረንጅ ተማረ መባሉ እኔን ትንሽ ያስቀኛል። ገብረክርስቶስ ባለቅኔም ነበር፤ በስደት ሳለ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ሥራዎቹ ከጀርመን ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ። ልብ በሉ፤ የእርሱም ሆነ የእስክንድር ሥራ ሁሉ ምስል አልባ ነው አላልኩም። ሁለቱም የሰውን መልክ ሥለዋል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የጎረቤታችን የሱዳኑ ኢብራሂም አል-ሰላሒ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም የእኔ ልጅነት በእርሱ ውስጥ አለ። በ1930 ኦምዱርማን ተወለደ። አባቱ በቤታቸው የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበራቸውና ልጁ ፊደል የቆጠረው በሎህ ላይ ነው። ቁርኣን በሎህ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ጥላሸትና ሙጫ በውሃ በጥብጠን ቀለም እንሠራለን፤ የሸንበቆ ብዕር እንቀርጻለን፤ የጻፍነውን ሸምድደን ስናሰማ እንጨቱን አጥበን እንደገና እንጽፋለን። እንጨቱ ሲደርቅ ግን የትናንቱ ፊደል ጥላ ከዛሬው ሥር ይታያል። እኔ ይህን ጥላ ለዓመታት እንደ ቆሻሻ ስፍቀው ኖሬያለሁ።

አል-ሰላሒ ለንደን ተምሮ በ1957 ወደ ካርቱም ሲመለስ ሥዕሎቹን ቢያሳይ ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት። እርሱም ተቆጥቶ አልቀረም፤ አገሩን እየዞረ በየቤቱ ያለውን የእጅ ሥራና ጌጥ፣ የዐረብኛውን ጽሕፈት ደግሞ ከልጅነት ሎሁ ጀምሮ መመርመር ጀመረ። ፊደሉን ሰባበረው፤ ከስብርባሪው አዲስ ቅርጽ ወጣ። በ1975 ግን በመንፈቅለ መንግሥት ሙከራ እጅህ አለበት ተብሎ ያለ ፍርድ ለስድስት ወራት በኮበር እስር ቤት ታሠረ። በዚያ ወረቀትና እርሳስ መያዝ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። እርሱ ግን የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ እያገኘ በስርቆት ይሥልበት፣ ጠባቂ ሲመጣ አሸዋ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ቁራጩ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ቁራጭ ላይ የጀመረውን በሌላው እየቀጠለ ሐሳቡን ማሳደግ ተማረ። ከእስር ከወጣ በኋላም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። በ1984 ጀምሮ በ1985 የጨረሰው ግዙፍ ሥራው ዘጠኝ የተለያዩ ክፍሎች ተጋጥመው የቆመ ነው። ድህነትና ፍርሃት ያዘዙት የአሠራር ዘዴ ነፃ ከወጣም በኋላ አልተለየውም። በ2013 ለንደን ውስጥ በትልቁ የቴት ሙዚየም ሥራዎቹ ለብቻቸው ታይተዋል።

በዘመናችን ደግሞ አዲስ አበቤው ኤልያስ ስሜ አለ። ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1990 ተመርቆ የወጣ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን የምታውቁ፣ የተጣለ ነገር ሁሉ እንደገና ነፍስ የሚዘራበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። ኤልያስ ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒዩተር አካልና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ ሽቦውን ጠልፎና ጎንጉኖ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ይሠራል፤ ከዚያ በፊትም በቁልፍና በክር ይሠራ ነበር። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላል፤ ሲቀርቡት የስልክና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ነው።

ከሐጂ ጥያቄ ግን አልሸሽም። ሐራም ነው ወይ? ዑለማኦች ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል የተናገሩት ጠንካራ ነገር አለ፤ በዝርዝሩም ይለያያሉ፤ ያን እዚህ የምፈታ ሰው አይደለሁም። ሆኖም በቡኻሪ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። በእጁ ሥራ፣ ሥዕል በመሥራት የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ ስለ ሥራው ሲጠይቃቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሩት። ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ። ኢብን ዐባስም መተው ካልቻልክ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሥራ አሉት። ሰውየውን ያለ መውጫ አላባረሩትም። እኔ ግን አንድን ሕፃን፣ ነፍስ ያለው ነገር ጨርሶ ባልሣለበት ካርቶን የተነሣ በጓደኞቹ ፊት አሳፍሬዋለሁ።

እንጀራ ይሆናል ወይ? ለሚለው እውነቱን ለመናገር እስክንድርም ገብረክርስቶስም አስተማሪዎች ነበሩ። እኔም አስተማሪ ነኝና አስተማሪ እንዴት እንደሚኖር ለሐጂ መንገር አላስፈለገኝም።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ልጁን ፈልጌ ከሱቁ ጓዳ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ሁለት ጆንያ ወጥሯል። አንዱ የቡና ቃጫ፣ አንዱ የማዳበሪያ ላስቲክ ነው። ቃጫው ቀለም እንደሚጠጣ፣ ላስቲኩ ግን እንደሚተፋ አሳየኝ፤ ላስቲኩን በቀለም ሳይሆን በክር ነው የምገራው አለኝ። ስለዚያ ስለጣልኩበት ሰሌዳ አንሥቼ «ዐፍው በለኝ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለና «ኡስታዝ፣ እርሱ እንኳ መጥፎ ነበር። ሙጫው ውሃ በዝቶበት ቆርኪዎቹ እየረገፉ ነበር» አለኝ።

ለሐጂ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። የጣልያኑን ታሪክ ሲሰሙ ተቆጡ፤ የሱዳኑን ሲሰሙ ብዙ ዝም አሉ። እሺም እምቢም ሳይሉኝ ተለያየን። ባለፈው ሐሙስ በፒያሳ ሳልፍ ከሱቁ በር ላይ ባዶ ጆንያ እየቆጠሩ አገኘኋቸው። ጥቂቶቹን ለብቻ አጣጥፈው አስቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ልሄድ ስል መለሱኝና፦

«ኡስታዝ፣ ለፈተናው የቃጫው ይሻለዋል ወይስ የላስቲኩ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ ሐጂ፤ ልጁን ይጠይቁት» አልኳቸው።